ከመጠቅለል በፊት አንድ ክረምት

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ «እኔስ ጠቅልዬ ልገባ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ዓመት አልፎ ዓመት ይተካል፤ ሰውየው እዚያው ነው። ሌላው ደግሞ አንድ ቀን ብድግ ይልና ቤቱን ሸጦ፣ ሥራውን ለቆ፣ ዕቃውን በኮንቴይነር ጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። አንዱ ምኞቱን ሳይነካው ያረጃል፣ ሌላው ሳይቀምሰው ይጨርሰዋል። ከሁለቱ መሐል ግን ሦስት ወር ሄዶ የመኖር መንገድ አለ። ብዙዎች ይህን እንደ ማመንታት ያዩታል። እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ ወኔ የሚጠይቀው እሱ ነው ባይ ነኝ። ለዓመታት በልባችሁ ያሳደጋችሁትን ሐሳብ አውጥታችሁ ፀሐይና ዝናብ እንዲያየው ታደርጋላችሁና።

«በየጊዜው እንሄድ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ሄዳችኋል፤ አልኖራችሁም። ለገና ገብታችሁ ጥምቀትን አክብራችሁ ነው የተመለሳችሁት። ሰማዩ ጠርቶ፣ ዘመድ በግ አርዶ፣ የአጎት ልጅ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ መኪና እየነዳላችሁ። ደስ የሚል ጊዜ ነው፤ ግን የእንግዳ ጊዜ ነው። ስለዚህ ለሙከራው ሐምሌንና ነሐሴን የሚጨምር ጊዜ ምረጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አብዛኞቹ ቤቶቿ ደግሞ ማሞቂያ የላቸውም። ማታ ማታ ጋቢ ደርቦ መቀመጥን፣ ጠዋት በጭቃ መሐል ታክሲ መጠበቅን፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ የሚያቆመውን ትራፊክ የምታውቁት ያኔ ነው። በሐምሌ የወደዳችኋት ከተማ በጥር አታሳፍራችሁም።

ዘመድ ቤትም አትረፉ። ቅር ይላቸዋል፤ አስረድታችሁ ለምኗቸው እንጂ እሺ አትበሉ። ዘመድ ቤት እስካላችሁ ድረስ እንጀራው ከየት እንደመጣ፣ የመብራት ሒሳብ ማን እንደከፈለ ሳታውቁ ትከርማላችሁ። መደበኛ የቤት ኪራይ ውል በአዲሱ የኪራይ አዋጅ ከሁለት ዓመት ስለማያንስ፣ ለሙከራ የሚሻለው በወር የሚከራይ የእንግዳ ማረፊያ ወይም ዕቃው የተሟላ አፓርትመንት ነው። ልትኖሩበት የምታስቡት ሰፈር ውስጥ ይሁን። አያት ለመኖር አስባችሁ ቦሌ ብትከርሙ የሞከራችሁት ሌላ ሰው የሚኖረውን ኑሮ ነው።

አንዲት የማውቃት ነርስ ከሜሪላንድ መጥታ ገርጂ አካባቢ ቤት ይዛ አንድ ክረምት ኖራለች። ስትነሳ ያስፈራት የውሃና የመብራት ነገር ነበር። ብዙም ሳትቆይ ውሃ የሚለቀቅበትን ሌሊት ከጎረቤቷ ተምራ ሮቶዋን መሙላት ለመደች። መብራት ሲጠፋ ከሰል አቀጣጥላ ቡና ታፈላና ያቺኑ ጎረቤቷን ትጠራለች። ሾላ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጡላት እናት «የኔ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ ምነው ቆየሽ?» ያሏት ዕለት ደስታዋን አልቻለችውም። ያላሰበችው ችግር የመጣው በሌላ በኩል ነው። ምሽቱ ረዘመባት። አብረዋት ያደጉት ወይ ቨርጂኒያ ናቸው ወይ ቶሮንቶ፤ እዚያው የቀሩትም ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ ውለው፣ በመንገድ ደክመው ነው ቤታቸው የሚገቡት። ስትናፍቀው የኖረችው ሰፈር ሰዎች እሷው ትታው በመጣችው ባሕር ማዶ ነበሩ። ይህን ማወቋ ግን ሐሳቧን አላስጣላትም፤ አስተካከለላት እንጂ። ለሚቀጥለው ክረምት በአንድ ክሊኒክ ጀማሪ ነርሶችን ልታሠለጥን ተስማምታለች። ወዳጅ የሚገኘው አብሮ ከመሥራት መሆኑን ያወቀችው ሄዳ በመኖሯ ነው።

እናንተም ከመነሳታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ የሚናፍቀኝ ሰው አሁን የት ነው ያለው? የሚናፍቀኝስ ቦታ? በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የፒያሳን ብዙ የድሮ መንደሮች አንስቷቸዋል። ያደጋችሁበትን ግቢ ፈልጋችሁ ሰፊ መንገድ ልታገኙ ትችላላችሁ። አዝናችሁ ስትጨርሱ፣ ያለችዋን ከተማ ለመተዋወቅ ጊዜ አላችሁ፤ ሦስት ወሩ ለዚህ ነው።

የገንዘቡን ስሌትም እንደ አዲስ ሥሩት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ዋጋም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የቀድሞ ጉዞ ላይ የያዛችሁት የወጪ ግምት እንግዲህ አያገለግልም። በሙከራው ወራት፣ ጠቅልላችሁ ስትገቡ ለማግኘት በምታስቡት ገቢ ልክ ብቻ አውጡ። ጡረታ ከሆነ በጡረታው፣ ደመወዝ ከሆነ በብር ደመወዙ። ያጠራቀማችሁትን አትንኩ። የአሜሪካውን ሥራ በኢንተርኔት ይዛችሁ ለመቀጠል የምታስቡ ደግሞ ሰዓቱን ልብ በሉ። በክረምት የሰባት ሰዓት ልዩነት አለ፤ የዋሽንግተን የሥራ ቀን ለእናንተ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ያልቃል ማለት ነው። የአሜሪካ ሰዓት በጥቅምት መጨረሻ ሲቀየር ልዩነቱ አንድ ሰዓት ይጨምራል። ጠዋቱ ሙሉ የእናንተ ነው፤ ቤተ ዘመድ የሚሰበሰብበት ምሽት ግን በሥራ ይያዛል። ይህን የሚወድ አለ፣ የማይችለው አለ፤ ሳይሠሩበት አይታወቅም።

ወረቀቱ ላይ አትቀልዱ። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ከአሜሪካ ውጭ ከስድስት ወር በላይ ከቆየ የዜግነት ማመልከቻው ላይ ጥያቄ ይነሳበታል፤ ከዓመት በላይ ከሆነ የመኖሪያ ፈቃዱን ራሱን ሊያጣ ይችላል። ረዘም አድርጎ መቆየት የፈለገ እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግለውን የመመለሻ ፈቃድ ማመልከት ያለበት ከአሜሪካ ሳይወጣ ነው። ዜግነት የቀየራችሁ ደግሞ ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ አውጡ። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት ያለ ቪዛ ያስገባችኋል፣ ያለ ሥራ ፈቃድም ያሠራችኋል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይፈቅድም። በዕድሜ ገፋ ላላችሁ፦ ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና በጥቅሉ አይከፍልም። ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባችሁ ስለ ከፍታው ሐኪማችሁን አማክሩ፤ የምትወስዱት መድኃኒት እዚያ እንደልብ ይገኝ እንደሆነም በሙከራው ጊዜ ፋርማሲ ዞራችሁ አጣሩ።

ልጆች ያላችሁ ላይ ነገሩ ይከብዳል፤ ደስታውም ያኔ ነው የሚበዛው። የአሜሪካ ልጆች ዕረፍት ላይ በሚሆኑበት ጊዜ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶችም ዝግ ናቸው። በክረምት ብቻ የመጣ ልጅ አያቱን ያውቃል፣ አማርኛው ይፈታለታል፤ ክፍል ውስጥ መቀመጥን ግን አይቀምስም። ከተቻለ እስከ መስከረም መጨረሻ ቆዩ፤ ትምህርት ቤቱንም ልጁን ለጥቂት ቀናት አብሯቸው እንዲያስቀምጡላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ልጁ የሚለውን ስሙት። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቃል በዚህ ጉዳይ ከጎልማሳ ቃል አያንስም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ቤታችሁን አትሽጡ፣ ለምታምኑት ሰው አከራዩት። ሥራችሁን አትልቀቁ፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቁ። መኪናውን ወንድማችሁ ይንዳው። ከሦስት ወር በኋላ «ይሄ የኔ ነው» ብላችሁ ከተመለሳችሁ፣ የምትጠቀልሉት የምታውቁትን ኑሮ ይዛችሁ ነው። «ግማሹን ዓመት እዚህ፣ ግማሹን እዚያ» ካላችሁም ብዙ ጡረተኞች በደስታ የሚኖሩት ኑሮ ነው። «አይሆነኝም» ካላችሁ ደግሞ ያ ለዓመታት ሲያባንናችሁ የነበረ ጥያቄ መልስ አግኝቷል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በሙሉ ልብ አበባ መትከል ትችላላችሁ። ከዳለስ አየር ማረፊያ የሚነሳው ቀጥታ በረራ ዐሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። ለመጪው ሐምሌ ፈቃዱን የምትጠይቁበት ጊዜ አሁን ነው፤ ነገ ጠዋት አለቃችሁን አነጋግሩ።