ላፕቶፕ ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው እንበል፤ ወይም በሐረር ሐኪም ወረዳ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ሊከፍቱ አስበዋል። ከሐኪም ተራራ ወርደው ሐረር ከተማን ቢዞሩ፣ ድሬዳዋ ቢሄዱ ወይም ቴሌግራም ቢከፍቱ ማስታወቂያው ያው ነው፦ «ኮር አይ7፣ 8 ጂቢ ራም፣ 1 ቴራ፣ 4 ጂቢ ግራፊክስ፣ እንደ አዲስ»። ይህ ሁሉ በቃል ደረጃ እውነት ሆኖ ዕቃው ግን የተጠራበትን ዋጋ ላያወጣ ይችላል።

መጀመሪያ የፕሮሰሰሩን ጀነሬሽን (ትውልድ) ይጠይቁ። ዩዝድ ላፕቶፕ ላይ ብዙ ብር የሚባክነው እዚህ ነው። «አይ7» ማለት ደረጃ ነው፤ ዕድሜውን አይነግርዎትም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው አይ7-3520ኤም ሁለት ኮር ብቻ አለው። በ2017 የወጣው አይ5-8250ዩ ግን አራት ኮር ስላለው፣ ስሙ ዝቅ ቢልም ሥራው ይበልጣል። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን አሃዝ ይዩ፦ 3 ከሆነ ሦስተኛ፣ 8 ከሆነ ስምንተኛ ጀነሬሽን ነው፤ በ10፣ በ11 ወይም በ12 ከጀመረ ሁለቱን አሃዞች አብረው ያንብቡ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 በጥቅሉ ስምንተኛና ከዚያ በላይ የሆኑትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው የሚቀበለው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አብቅቷል። ስለዚህ ከስምንተኛ በታች ለሆነ ማሽን ውድ ዋጋ አይክፈሉ።

ተለጣፊውን አይመኑ። ተለጣፊ ተነሥቶ ሌላ ማሽን ላይ ይለጠፋል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን በአንድ ጊዜ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ሲከፈት «ፐርፎርማንስ» የሚለው ውስጥ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም፣ የራሙን መጠንና የዲስኩን ዓይነት ያገኛሉ። ዊንዶውስ ላይ የሚነበብ ስምም ሊቀየር ስለሚችል፣ ከተጠራጠሩ ማሽኑን እንደገና አስነሥተው ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተውን ባዮስ ይመልከቱ።

«4 ጂቢ ግራፊክስ»። እዚያው ታስክ ማናጀር ውስጥ «ጂፒዩ» የሚለውን ይጫኑ። ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ የራሙን ግማሽ ለግራፊክስ በጋራ አገልግሎት ይመድባል፤ 8 ጂቢ ራም ያለው ማሽን «ሼርድ» በሚለው መስመር 4 ጂቢ ገደማ የሚያሳየው ለዚህ ነው። «ዴዲኬትድ» የሚለው ላይ 128 ሜጋ ባይት ብቻ ካለ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ለጽሕፈት ሥራ ይህ አያሳስብዎ፤ ልጅዎ አርክቴክቸር የሚማር ከሆነ ግን ሌላ ማሽን ይፈልጉ።

ዲስኩ። 256 ጂቢ ኤስኤስዲ ከ1 ቴራ ሀርድ ዲስክ ይሻላል፤ ለፍጥነት ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ አላውቅም። 1 ቴራ የተባለው ዊንዶውስ ላይ 931 ጂቢ ቢል አልተታለሉም፤ አምራቹ በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚያሰላ ነው። በርካሽ የሚሸጥ «2 ቴራ ፍላሽ» ግን ማጭበርበር ነው። ኮምፒውተሩ ላይ 2 ቴራ ብሎ ይታያል፤ ትክክለኛው ቦታ ሲሞላ ግን የሚጽፉት ፋይል ይጠፋል። ኤች2ቴስትደብሊው የተባለው ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛውን መጠን ያሳይዎታል።

ባትሪ። «ሦስት ሰዓት ይይዛል» የሚለውን ይተዉት። የዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ባትሪው ሲመረት የነበረውን አቅምና አሁን የሚሞላውን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው ከግማሽ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ይቀነስልኝ ይበሉ።

አሳሳች ማስታወቂያ የትንንሽ ነጋዴዎች ችግር ብቻ እንዳይመስልዎ። ፕሮሰሰር አምራቹ ኤኤምዲ «ስምንት ኮር» ብሎ በሸጣቸው ፕሮሰሰሮች ተከስሶ እ.ኤ.አ. በ2019 ጉዳዩን በ12.1 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማምቷል፤ ገዢዎቹ ኮሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ክፍሎቻቸውን ይጋራሉ ብለው ነበር የከሰሱት። በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል።

ሻጩ አብርተው እንዲፈትሹ ካልፈቀደ አይግዙ። ከተስማሙም ደረሰኙ ላይ «አንድ ላፕቶፕ» ተብሎ እንዳይታለፍ፤ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ሞዴል፣ የራሙ መጠንና የዲስኩ ዓይነት እንዲጻፍልዎ ያድርጉ።