አስም ከብርድ ብቻ ነውን?

በኢንጅባራም ሆነ በዳንግላ የልጅ ደረት ሲያፏጭ እናት ቀድማ የምትለው «ብርድ መታው» ነው። ብርድ አስምን እንደሚቀሰቅስ እውነት ነው፤ በሽታውን የሚፈጥረው ግን ብርድ አይደለም።

ለመሆኑ ምክንያቱ ምንድን ነው? ፍንጭ ከሰጡ ጥናቶች መካከል በአገራችን በጅማ የተካሄደው ይገኝበታል። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እንዳሳተሙት፣ አስም በጅማ ከተማ ከገጠሩ በልጦ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ፣ በባዶ እግር በኩል የሚገባው የመንጠቆ ትል ባለባቸው ሰዎች ላይ የደረት ማፏጨት አነስ ብሎ እንደታየ ጻፉ።

ነገሩ ያስገርማል። ሰውነታችን ትልን የሚዋጋበት አይ.ጂ.ኢ. የተባለ ፀረ አካልና ኢዮሲኖፊል የሚባሉ የደም ሕዋሳት አሉት። በብዙ የአስም ሕሙማን እነዚሁ ተከላካዮች ጉዳት በሌለው ነገር ላይ ይዘምታሉ፤ ለምሳሌ በምንጣፍና በፍራሽ አቧራ ውስጥ በሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ኩስ ላይ። ያን ጊዜ የአየር ቧንቧው ውስጡ ያብጣል፣ አክታ ይሞላዋል፣ በዙሪያው ያለው ጡንቻም ይኮማተራል። ትሉ በሰውነት ውስጥ ለመቆየት ሲል ይህን መከላከያ ያቀዘቅዘዋል ተብሎ ይታሰባል።

ታዲያ የትል መድኃኒት ለልጇ የምትከለክል እናት እንዳትኖር! በኖቲንግሃም በፈቃዳቸው የመንጠቆ ትል የተሰጣቸው የአስም ሕሙማን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ውጤት መሠረት፣ ጉልህ መሻሻል አላሳዩም። ትሉ ደም ይመጣል፣ ልጅን ያቀጭጫል።

ከመድኃኒት ቤት መስኮት ሆኜ የማየው ችግር ሌላ ነው። ብዙው ሰው ሳልቡታሞል ኢንሄለር ብቻ ይገዛል። እርሱ የተኮማተረውን ጡንቻ በደቂቃዎች ያላላል እንጂ እብጠቱን አይነካም። እብጠቱን የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው፣ ሐኪም ባዘዘው መሠረት በየቀኑ የሚሳበው ነው፤ «ተሻለኝ» ተብሎ በራስ የሚቆም አይደለም። ጂና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎችና ጎረምሶች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ ይመክራል። «ኢንሄለር ሱስ ያስይዛል» የሚባለውም መሠረት የለውም።

በአዊ ብዙ ቤተሰብ የዲከረንስ ከሰል ያከስላል። ጭሱ ያበጠውን ቧንቧ ይበልጥ ያስቆጣልና አስም ያለበት ልጅ ከሚከሰልበት ቦታና ከምድጃ ይራቅ። የመስጊድ ምንጣፍም ሰው በሌለበት ሰዓት ቢራገፍ መልካም ነው።

ትንፋሽ አጥሮት ንግግሩን መጨረስ ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም ሳልቡታሞል ወስዶ ያልተሻለው ሰው ግን ሳይውል ሳያድር፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።