ልምድም ይወረሳል፦ ሴቶች በአመራርና በአስተዳደር



«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን አባባል ሁላችንም ስንሰማው አድገናል። አባባሉ ሴት ማወቋን አይክድም፤ የሚነፍጋት ውሳኔውን ነው። በዚህ ትምህርታችን በማወቅና በመወሰን መካከል ያለውን ይህን ክፍተት እንመረምራለን። በኃላፊነት ላይ የሠሩ ሴቶች የሥራ ልምዳቸውን ለሌሎች ሲያካፍሉ ክፍተቱ እንዴት እንደሚጠብም ከሀገራችን ታሪክ እንማራለን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. ከትምህርት ቤት ወደ ምክር ቤት

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በፋሺስት ወረራ ዘመን በአርበኝነት የታገሉና ተማርከው ወደ ኢጣልያ የተጋዙ እናት ናቸው። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በርእሰ መምህርነት መርተዋል። በ1957 በተደረገው የመጀመሪያው የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ ተወዳድረው በማሸነፍ በኢትዮጵያ ፓርላማ የመጀመሪያዋ ተመራጭ ሴት ሆኑ። ልናስተውለው የሚገባን የነገሩን ቅደም ተከተል ነው። ወደ ምክር ቤት የገቡት መምህራንን ያስተባበሩ፣ ተማሪዎችን በሥርዓት ያስተዳደሩ መሪ ሆነው ነው። ይሁን እንጂ ከእርሳቸው በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጠች ሴት ስላልነበረች የምክር ቤቱን ሥራ ከሴት መሪ የመማር ዕድል አላገኙም።

2. ከአቤቱታ ወደ ሕግ

በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ያደርግ ነበር፤ ለሴት ልጅ የፈቀደው የጋብቻ ዕድሜም 15 ዓመት ነበር። በ1995 ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና ሌሎች የሕግ ባለሙያዎች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ ለጠበቃ የሚከፍሉት ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጥ ጀመር። ባለሙያዎቹ ስለ ጠለፋ፣ ስለ ድብደባ፣ ስለ ንብረት ክፍፍል የሚቀርበውን አቤቱታ በየዕለቱ ሲሰሙ፣ ችግሩ የአንዲት ሴት ብቻ ሳይሆን የሕጉም መሆኑን በማስረጃ ማሳየት ቻሉ። ሕጉ እንዲሻሻል አጥብቀው ከተሟገቱት መካከልም ነበሩ። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት አደረገ፤ ባልና ሚስትም በቤተሰብ አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በየቤቱ ተደብቆ የነበረ ሥቃይ ተሰምቶና ተመዝግቦ ለሕግ መሻሻል ምክንያት ሆነ ማለት ነው።

3. ሹመት ያልፋል

በ2018 መገባደጃ ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ የሀገሪቱ ርእሰ ብሔር፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። ብዙዎቻችን ደስ አለን። እስከ 2024 ድረስ ግን ሦስቱም ከነዚህ ኃላፊነቶች ለቅቀዋል። ሹመት ጊዜ አለው፤ በሹመቱ ዘመን የተገኘው ዕውቀት ግን ከባለቤቱ ጋር ወደ ቤት ገብቶ እንዳይቀር ማድረግ ይቻላል። ልምድን የማካፈል ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው።

4. ወደ ቁምስናችን ስንመለስ

በ2023 በሮም በተደረገው የሲኖዶስ ጉባኤ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጥተዋል። ይህን በደስታ ስንሰማ የራሳችንንም ጉባኤ እንመልከት። በዓል ሲመጣ ድግሱን የሚያሰናዱት፣ መዋጮውን የሚሰበስቡት እናቶች ናቸው፤ ስለ ገንዘቡ አጠቃቀም ሲወሰንስ ስንቶቹ ይገኛሉ? ስብሰባው ሲመሽ ከሆነ፣ ልጆች ያሏት እናት በሕግ ሳይሆን በሰዓት ተከልክላለች። ለዓመታት የዕቁብ ዳኛ ሆና ያለ አንዳች ጠብ ገንዘብ ያስተዳደረች እናት አመራርን በተግባር ታውቃለች፤ ይህን ግን ልምድ ብሎ የጠየቃት የለም።

ስለዚህ ልምድ ያላቸውን ሴቶች ስንጋብዝ ውዳሴ ብቻ አናሰማቸው፤ ሥራውን እንጠይቃቸው። ለመጀመሪያው ስብሰባ እንዴት ተዘጋጁ? ሐሳባቸው ሳይሰማ ሲታለፍ ምን አደረጉ? ሒሳቡን እንዴት ተቆጣጠሩ? ሥራን ከቤተሰብ ኃላፊነት ጋር ያስማሙት በማን እርዳታ ነው? የአገልግሎት ዘመኗን የጨረሰች ገንዘብ ያዥም መዝገቡንና ቁልፉን ብቻ አስረክባ አትሂድ፤ ተተኪዋን አጠገቧ አስቀምጣ ጥቂት ወራት ታሠራት።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በቁምስናችን ምክር ቤትና ኮሚቴዎች ውስጥ ስንት ሴቶች አሉ? በውሳኔስ ላይ ድምፃቸው ይሰማል?

ለ. የስብሰባችን ሰዓትና ቦታ ማንን ያስቀራል?

ሐ. በአካባቢያችን በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያ፣ በዕድር ወይም በቀበሌ አመራር የሠሩ ሴቶች እነማን ናቸው? ከወጣት ልጃገረዶች ጋር መቼ እናገናኛቸው?

ካቴኪስቶች ሦስተኛውን ጥያቄ በውይይት ብቻ እንዳትተዉት አደራ እንላለን። ስሞቹ ይጻፉ፤ ቀኑም በዚያው ስብሰባ ይቆረጥ።