የፍሬን ቱቦ መሥሪያ ሲገዛ

ከጎንደር በአይከል በኩል ወደ መተማ የሚሄድ መኪና ከ2000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 700 ሜትር ገደማ ቆላ ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት ቀጭኑ የፍሬን ዘይት ቱቦ ከተነደለ ፔዳሉ በባዶ ይረገጣል። ምትኩን ጋራዥ ውስጥ ቆርጦ መሥራት ይቻላል፤ ወሳኙ መሣሪያው ነው።

ገዢ በቅድሚያ ማየት ያለበት የመያዣውን ቀዳዳ ነው። ለቀላል መኪኖች የተለመደው ቱቦ ውፍረቱ 4.75 ሚሊ ሲሆን መሣሪያው ላይ 3/16 ኢንች ተብሎ ይጻፋል። 5 ሚሊው «ይቀራረባል» ተብሎ ቢወሰድ ቱቦው ይንሸራተታል፣ አፉም ይጣመማል። የጭነት መኪና ቱቦ ሊወፍር ስለሚችል መለካት ያስፈልጋል።

መሣሪያው የቱቦውን አፍ ሁለቴ የሚያጥፍ መሆን አለበት። አንዴ ብቻ የሚያሰፋው ርካሹ ዓይነት ለፍሪጅ እንጂ ለፍሬን አይሆንም፤ አፉ ይሰነጠቃል። የፍሪጁ የመዳብ ቱቦ ራሱም ለፍሬን አይሆንም።

ስለ ማርካ ከመከራከር ቁራጭ የብረት ቱቦ ይዞ ሄዶ ሱቁ ውስጥ ማስሞከር ይሻላል። አፉ ወደ አንድ ጎን ካደላ ወይም ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ከታየበት፣ ሻጩ ዋጋ ቢቀንስም መተው ነው። አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች የቱቦ አፋቸው እንደ አረፋ ያበጠ በመሆኑ ከጃፓኑ ጋር አይገጥምም፤ ለእነሱ ሌላ መሣሪያ ይገዛል።