የ1882ቱን የሲያትል ግድያ እንደገና ለመመርመር፦ ደረጃ በደረጃ

በ1880 ቆጠራ ሲያትል 3,533 ነዋሪ የነበራት ጭቃማ የወደብ ከተማ ነበረች። ሕይወቷ የሄንሪ የስለር እንጨት መሰንጠቂያ፣ መርከብና መጠጥ ቤት ነበር። ጃንዋሪ 17 ቀን 1882 ምሽት ላይ ጆርጅ ሬይኖልድስ የተባለ ወጣት በሦስተኛና በማሪዮን መንገዶች አካባቢ ሲያልፍ ሁለት ሰዎች አስቆሙት። «እጅ ወደ ላይ» ሲሉት ሽጉጡን ሊያወጣ ሞከረ፤ ተኮሱበት፤ በዚያው ምሽት ሞተ። የእሳት አደጋ ደወል ተደወለና ከተማው በሙሉ ለፍለጋ ወጣ። ከሰዓታት በኋላ ጄምስ ሱሊቫንና ዊልያም ሃዋርድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ወደቡ ላይ ድርቆሽ ውስጥ ተሸሽገው ተገኙ።

በማግስቱ በየስለር አዳራሽ ዳኛ ሳሙኤል ኩምብስ ፊት ቀረቡ። ዳኛው ጉዳያቸው በፍርድ ቤት እስኪታይ በእስር ይቆዩ ብሎ እንዳዘዘ ሕዝቡ ነጥቆ አወጣቸውና በሁለት የሜፕል ዛፎች መካከል በተጋደመ እንጨት ላይ ሰቀላቸው። የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ዳኛ ሮጀር ግሪን ገመዱን ሊቆርጥ ቢሞክርም አልተሳካለትም። ሰዉ በዚህም አልበቃውም፤ ወደ እስር ቤት ሄዶ ቤንጃሚን ፔይንን አወጣ። ፔይን ኦክቶበር 1881 ፖሊስ ዴቪድ ሳይርስን ገድሏል ተብሎ የታሰረ፣ ገና ያልተፈረደበት ሰው ነበር። ንጹሕ ነኝ እያለ ተሰቀለ።

ሦስቱም ጥፋተኛ ስለ መሆን አለመሆናቸው የፍርድ ቤት ብይን ስለሌለ፣ ጉዳዩ ሲያትል ውስጥ የምንኖር ማንኛችንም ልንመረምረው የምንችል እንቆቅልሽ ነው። ፈቃድም ገንዘብም አይጠይቅም። አካሄዱ እንዲህ ነው።

ደረጃ 1፦ ቀኑንና ብርሃኑን ያረጋግጡ

ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። ጃንዋሪ 17 ማክሰኞ ነበር። በእኛ ዘመን አቆጣጠር ጥር 10 ቀን 1874፣ የከተራ ዕለት ነው፤ ሰዎቹ የተሰቀሉት በጥምቀት ቀን መሆኑ ነው። (ቀኑን ሲቆጥሩ ይጠንቀቁ፤ ከ1900 በፊት በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንሳል።) ተኩሱ የተሰማው ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። በዚህ ወቅት ሲያትል ላይ ፀሐይ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ጨረቃስ? አዲሲቷ ጨረቃ የወጣችው በ19ኛው ቀን ግድም ስለሆነ፣ በዚያ ምሽት ሰማይ ላይ አልነበረችም። እንግዲህ «ፊታቸውን አይቻለሁ» የሚል ምስክር ሲገጥምዎ፣ በየትኛው መብራት ብለው ይጠይቁ።

ደረጃ 2፦ የያኔዋን ከተማ ካርታ ያግኙ

የዛሬው ካርታ ያሳስትዎታል። ጁን 6 ቀን 1889 በተነሣው ቃጠሎ የንግዱ ሰፈር ወደመ፤ ሲገነባ የብዙ መንገዶች ከፍታ ተነሣ፤ በ1895 ደግሞ የመንገድ ስሞች ተቀየሩ። ፍሮንት ስትሪት ዛሬ ፈርስት አቬኑ ነው፤ ሚል ስትሪት የስለር ዌይ ሆኗል። ከፈርስት አቬኑ በታች የምንረግጠው መሬትም ብዙው ያኔ ባሕር ነበር። ኢ. ኤስ. ግሎቨር በ1878 ከተማዋን ከላይ እንደሚያይ ሰው ሆኖ የሳለው ካርታ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይታያል። ያንን አትመው ይዘው ከሦስተኛና ማሪዮን ቁልቁል ወደ ውሃው በእግርዎ ይውረዱ። መጨረሻ ላይ ፈርስት አቬኑና ጄምስ መገናኛ ላይ ይቁሙ። እዚያ የቆመው በ1892 የተሠራው ፓዮኒር ህንጻ ያረፈው የየስለር ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ ዛፎቹም እዚያው አጠገብ ነበሩ።

ደረጃ 3፦ ጋዜጣውን በጥርጣሬ ያንብቡ

የሲያትል ፖስት ኢንተሊጀንሰር ማይክሮፊልም በዋናው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ 10ኛ ፎቅ ያለው የሲያትል ክፍል ሠራተኞች ይመሩዎታል። ወረቀትዎን ለሁለት ይክፈሉ፦ ጸሐፊው ራሱ ያየው በአንድ በኩል፣ የሰማው በሌላ በኩል። ሁለተኛው ወገን ቶሎ ይሞላል። የአገሩ ጋዜጣ ስለ ጎረቤቶቹ ስለሚጽፍ፣ የቪክቶሪያውን ብሪቲሽ ኮሎኒስትና የካሊፎርኒያ ጋዜጦችንም ያስተያዩ፤ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይነበባሉ። ሆኖም በቴሌግራም የመጣ አንድ ወሬ ሦስት ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ሦስት ምስክር አይሆንም።

ደረጃ 4፦ ወደ መዝገቡ ይሂዱ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ዋሽንግተን ክፍለ ሀገር የሆነችው በ1889 ስለሆነ፣ «የግዛት ዘመን» የተባለውን የፍርድ ቤት መዝገብ ይጠይቁ። የኪንግ ካውንቲ አሮጌ ሰነዶች በክፍለ ሀገሩ ቤተ መዛግብት የፒዩጀት ሳውንድ ቅርንጫፍ፣ ቤልቪው ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ይፈለጋሉ። የሚጠይቁት ሁለት ዓይነት የአስከሬን ምርመራ ቃል ነው፦ የሬይኖልድስና የተሰቀሉት ሰዎች። ሁለተኛው የከተማዋን ሕሊና ያሳያል፤ የመርማሪው ሸንጎ ሰቃዮቹን ተጠያቂ አላደረገም፤ ከዚያም በኋላ የተቀጣ የለም። ሸንጎው ውስጥ የተቀመጡትን ስሞች ይጻፉና በፍለጋው የወጣ፣ ገመድ የጎተተ ሰው በመካከላቸው እንዳለ ያጣሩ።

እዚህ ላይ የእኛው አፈርሳታ ትዝ ይላል። ገዳዩ ባልታወቀ ጊዜ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪነገር ድረስ ይቀመጥ ነበር፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ለማዳንም ለማጥፋትም ዕድል ነበረው። ሲያትልም ያን ቀን የተሰበሰበችው እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ጠቋሚውም፣ ዳኛውም፣ ሰቃዩም አንድ ሕዝብ መሆኑ ነው።

ደረጃ 5፦ ሁለቱን ግድያዎች ይለያዩ

ጸሐፊዎች ሦስቱን ስቅላት በአንድ ትንፋሽ ስለሚተርኩ፣ በአንዱ ላይ ያለው ማስረጃ ለሌላው የተረፈ ይመስላል። ለእያንዳንዱ የተለየ ገጽ ይክፈቱ። በሱሊቫንና በሃዋርድ ገጽ ላይ፦ ሽጉጣቸው ተመርምሯል ወይ? የጫማ ዱካ ተለክቷል ወይ? ማን ለካው? መሸሸጋቸውስ ከግድያው ነው ወይስ ከደወሉና ከሚጮኸው ሕዝብ? በፔይን ገጽ ላይ፦ ሳይርስ ከመሞቱ በፊት ማንን ጠቆመ? ማን ሰማው?

በስም ላይ አይቸኩሉ። ጄምስ ሱሊቫን የሚባል ሰው በየወደቡ ሞልቷል፤ በ1880 ቆጠራ አንዱን ስላገኙ የእርስዎ ሰው ነው ማለት አይደለም። የ1890 ቆጠራ ደግሞ አብዛኛው በቃጠሎ ጠፍቷል።

እንደ እኔ አስተያየት በሱሊቫንና በሃዋርድ ላይ ቢያንስ አንድ ዳኛ ምስክር ሰምቶ ለፍርድ የሚያበቃ ነገር አለ ብሏል። የፔይን ክስ ግን በዚያ ቀን በየትኛውም ዳኛ ፊት አልቀረበም፤ የተሰቀለው ሕዝቡ ቀድሞ ስለተነሣሣ ነው። ለአንድ ቅዳሜ ብቻ ጊዜ ያለዎት ከሆነ ከፔይን ይጀምሩ፤ ወደ ቤልቪው ከመሄድዎ በፊት ግን ደውለው ቀጠሮ ይያዙ።