ምዕራፍ ሰባት፦ ለመልክ ሲባል ባሕር መሻገር

በላስታ ደጋ ዕድሜያቸው የገፋ እናቶችን ያየ ሰው ግንባራቸው ላይ የመስቀል፣ አንገታቸው ዙሪያ ደግሞ እንደ ድሪ የተደረደረ ንቅሳት ያስተውላል። ጥላሸት ተለውሶ በእሾህ ወይም በመርፌ ቆዳ ውስጥ የገባ ጌጥ ነው። ለእናቲቱ እምነቷም ውበቷም ነው። በልጅነቷ ተነቅሳ ኋላ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የተሻገረች ልጅ ግን ሰው ሁሉ ግንባሯ ላይ ሲያፈጥ መሸማቀቅ ትጀምራለች። «እዚህ በሌዘር ያጠፉታል አሉ፤ ዋጋውም ደህና ነው» የሚለው ወሬ በስልክ ላሊበላ የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው። ወሬውን የሰማች እህቷ ማድያቷን፣ ወንድሟም የቡግር ጠባሳውን ያስባሉ።

«ዋጋው ደህና ነው» የሚለውን ቃል ቀስ ብለን እንፍታው። ክሊኒኮች በስልክ የሚነግሩት ዋጋ ብዙ ጊዜ የአንድ ቀን ዋጋ ነው። ሌዘር ደግሞ ንቅሳትን እንደ ላጲስ አይፍቅም። የሚያደርገው ቀለሙን በቅጽበታዊ ብርሃን እየመታ ማድቀቅ ነው፤ የደቀቀውን ጠርጎ የሚያስወግደው የሰውነታችን የራሱ ተከላካይ ሕዋስ ነው። ይህ ጠረጋ ሳምንታት ይወስዳል፤ ገንዘብ ስለጨመሩ አይፈጥንም። ስለዚህ አንድን ንቅሳት ለማጥፋት በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ጊዜ፣ በየ6 ወይም በየ8 ሳምንቱ መመላለስ ያስፈልጋል። አንድ ዓመት ገደማ ማለት ነው። ዱባይ የምትሠራ ልጅ በዕረፍት ቀኗ ልትመላለስ ትችል ይሆናል። ከላሊበላ ተነሥቶ በአዲስ አበባ በኩል ባንኮክ፣ ዴልሂ ወይም ኢስታንቡል ለሚሄድ ሰው ግን የአንዱ ቀን ዋጋ በስምንት ሲባዛ ትኬቱም፣ ቪዛውም፣ የአልጋ ኪራዩም አብረው ይባዛሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ የሚመለስ ሰው የሚያገኘው በከፊል የደበዘዘ ንቅሳት ነው።

የምንዛሪውም ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለ1,000 ዶላር ሕክምና 57 ሺህ ብር ያጠራቀመ ሰው ሕክምናው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ከ100 ሺህ ብር በላይ ተጠየቀ። ዓመት የሚፈጅ ሕክምና የሚጀምር ሰው የመጨረሻውን ቀጠሮ በዛሬው ተመን አስልቶ መነሣት የለበትም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ወጪ ደረሰኝ የለውም። እሱም የሚመጣው ከቆዳችንና ከፀሐያችን ነው።

ሌዘር የሚያሳድደው ቀለምን ነው። የንቅሳቱ ጥላሸትም ቀለም ነው፤ ጠይም ያደረገን ሜላኒንም ቀለም ነው። ሁለቱን ለይቶ ለመምታት የብርሃኑ የሞገድ ርዝመትና የባለሙያው እጅ ይወስናሉ። ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ በአብዛኛው የሚመረጠው 1064 ናኖሜትር ሞገድ ያለው ኤንዲ ያግ የተባለው ሌዘር ነው፤ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ስለሚገባ የላይኛውን ቆዳ ቀለም እምብዛም አይነካም። ለፈረንጅ ቆዳ የተስተካከለ ማሽን፣ ወይም አይፒኤል የሚባለው የብርሃን መሣሪያ፣ በጠይም ፊት ላይ ያለ ጥንቃቄ ሲውል ያቃጥላል፤ ሲድን ደግሞ ጠቆር ያለ ወይም የነጣ ምልክት ትቶ ይሄዳል። ሐኪሞች ቆዳን በፀሐይ አቀባበሉ ከ1 እስከ 6 ይመድቡታል፤ አብዛኞቻችን ከ4 እስከ 6 ባለው ውስጥ ነን። ለክሊኒኩ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ እንግዲህ ስለ ዋጋ መሆን የለበትም። «በእኔ ዓይነት ቆዳ ላይ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? ከዓመት በኋላ የተነሣ ፎቶ አሳዩኝ» ይበሉ። ማሽኑን የሚይዘው ማን እንደሆነም ይጠይቁ። በዱባይም ሆነ በታይላንድ የሐኪም ፈቃድ በስም ተፈልጎ የሚረጋገጥበት ይፋዊ መዝገብ አለ፤ ስሙን አልናገርም የሚል ክሊኒክ ካጋጠመዎ ተነሥተው ይውጡ።

ፀሐዩን ደግሞ እንየው። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ደጋ ላይ የሚያታልለን ብርዱ ነው፤ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዘን ፀሐዩ የማይጎዳን ይመስለናል። ዱባይ ወይም ባንኮክ ፊቱን በሌዘር አስመትቶ ወይም በኬሚካል አስልጦ፣ ለገና ወደ ላሊበላ የሚመለስን ሰው አስቡት። ወቅቱ በጋ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ቤዛ ኩሉ ሲወረብ ለማየት በቤተ ማርያም ዙሪያ ከዓለቱ አፋፍ ላይ ለሰዓታት ይቆማል። ገና ያልጠና ቆዳ በዚያ ፀሐይ ሲመታ ሕክምናው ካጠፋው የበለጠ ሊጠቁር ይችላል። ነጠላ ደርቤያለሁ ማለትም ብዙ አያድንም፤ ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ይዩት፣ ብርሃን ካሳለፈ ጨረርም ያሳልፋል። ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣና ጃንጥላ ይሻላሉ። ቀጠሮውን ከበዓሉ በኋላ ማድረግ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ማድያት ላለባቸው ሰዎች በተለይ ልናገር። ማድያት በፀሐይ፣ በእርግዝና፣ በአንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ ይነሣል፤ ቢለቅም ተመልሶ የሚመጣ ጠባይ አለው። ሌዘር አንዳንዴ ያባብሰዋል። በጠይም ቆዳ ላይ፣ በዓይን የሚታየው ተራ ብርሃን ራሱ ማድያትን ስለሚያጠቁር፣ ከተራው የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይልቅ የብረት ኦክሳይድ ያለበት ቀለም ያለው ቅባት ይመረጣል። ለማድያት ብቻ ተብሎ ባሕር መሻገርን እኔ አልመክርም።

ባሕር ማዶ ላልሄደም ባሕር ማዶው በሻንጣ ይመጣለታል። ከጅዳ፣ ከቤይሩት፣ ከዱባይ የሚመለሱ ልጆች ለእናት ሻሽ፣ ለእህት ክሬም ይዘው ይመጣሉ። ስጦታው የፍቅር ነው፤ ውስጡ ያለው ግን መታወቅ አለበት። ብዙዎቹ ማቅያ ክሬሞች እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒት አለባቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ይጠራል፤ ጎረቤትም ያደንቃል። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥር ይታያል፣ ቡግር ይፈላል፤ ክሬሙ ሲቀር ፊት ይቀላል፣ ይቃጠላል። ስለዚህ ሰው እንደገና ይቀባል። ሃይድሮኪኖን ያለበት ክሬም ያለ ሐኪም ክትትል ለዓመታት ሲቀቡት ሰማያዊ ጥቁር፣ ለመልቀቅ የሚያስቸግር ምልክት ሊያመጣ ይችላል፤ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመዋቢያ ምርቶች ያገደችው ለዚህ ነው። ሜርኩሪ ያለበት ክሬም ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። በእጅና በፎጣ ወደ ቤተሰብ ይተላለፋል፤ እናት ስትቀባው ለሕፃኗም ይደርሳል። ቆዳን ለማቅላት እየተባለ በደም ሥር የሚሰጠውን የግሉታታዮን መርፌም የአሜሪካና የፊሊፒንስ የመድኃኒት ባለሥልጣናት አስጠንቅቀውበታል።

የሀብታም አገር ስምም ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ ፊትን በደቃቅ መርፌዎች ወግቶ የራስን ደም የሚቀባ ፈቃድ የሌለው የውበት ቤት ምርመራ ተደረገበት። እዚያ ከተስተናገዱት ሴቶች ውስጥ ሦስቱ በዚያ ምክንያት በኤች አይ ቪ መያዛቸውን የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2024 አሳውቋል። መርፌ ፊትዎ ላይ ከማረፉ በፊት ከታሸገበት ሲወጣ በዓይንዎ ይዩ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በቅርብ ያለ ሐኪም ይኑርዎ። ከላሊበላ በጋሸናና በወልድያ በኩል ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ቦሩ ሜዳ ያደርሳል። ስሙን የምናውቀው በ1870 ዓ.ም. በተካሄደው የሃይማኖት ጉባኤ ነው፤ ለወሎ ሕሙማን ግን ቦሩ ሜዳ የቆዳና የዓይን ሕክምና የሚገኝበት ሆስፒታል ነው። አዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ያለው አለርትም ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተቋቁሞ ዛሬ ትልቅ የቆዳ ሕክምና ማዕከል ሆኗል። እዚያ ያለ ሐኪም ችግርዎ ማድያት ይሁን ሌላ በሽታ ለይቶ ይነግርዎታል፤ በእርግጥ መሄድ የሚያስፈልግዎ ከሆነም ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚጠይቁ ያውቃሉ። ከሁሉ በላይ ተመልሰው ቆዳዎ ቢቆጣ፣ በተርጓሚና በስልክ ሳይሆን በአማርኛ፣ ፊትዎን እያየ የሚያክም ሰው ይኖርዎታል።

ዛሬ ከሻንጣ የወጣ ክሬም የሚቀቡ ከሆነ መቀባቱን ደብቀው አይቆዩ፤ ለሐኪም ያሳዩ። ያለቀም ቢሆን ቱቦውን ወይም ዕቃውን ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።