የስፒከር ልብስ፦ የሚበረክት ሆኖ ድምፅ የማያፍን ጨርቅ እንዴት ይመረጣል?

የስፒከር ሣጥን በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ተማሪዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጨነቁት ስለ ስፒከሩ ዋትና ስለ ሣጥኑ መጠን ነው። ፊቱን የሚሸፍነው ጨርቅ ግን ሥራው ሊያበቃ ሲል ቀለሙና ዋጋው ብቻ ታይቶ ይገዛል። አንድ የሳይንስ ክበብ ለትምህርት ቤቱ አዳራሽ የሠራውን ሣጥን እንድመለከት ተጋብዤ ነበር። ሣጥኑ በወፍራም ኮምፔንሳቶ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ስፒከሮቹም ደኅና ነበሩ። ይሁን እንጂ ከኋላ የሚቀመጡት ንግግሩ ይታፈንብናል ስላሉ፣ ተማሪዎቹ ትልቅ አምፕሊፋየር ለመግዛት ገንዘብ ማዋጣት ጀምረው ነበር። ሣጥኑ የለበሰው «ልጆች እንዳይቀዱት» ተብሎ የተመረጠ የሶፋ ጨርቅ ነው። ጨርቁ ሲነሣ የአምፕሊፋየሩ ጉዳይም አብሮ ተነሣ። ጨርቅ ጠንካራ የሚሆነው በውፍረቱ ነው የሚለው ግምት ብዙዎችን እንዲህ ላለ ወጪ ይዳርጋል።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ እናርም። ድምፅ በጨርቅ ለማለፍ ቀዳዳው ከሞገዱ መብለጥ አለበት የሚሉ አሉ። የ10,000 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 3.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የ100 ኸርዝ ደግሞ 3.4 ሜትር ገደማ ነው። የጨርቅ ቀዳዳ ግን ከሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ሆኖም ድምፁ ያልፋል፤ በቀዳዳው በኩል የሚተላለፈው የአየሩ የግፊት ለውጥ ነውና። ለዚህም አየሩ በቀዳዳው ውስጥ በጣም ትንሽ ወዲያና ወዲህ ማለቱ ይበቃል።

ድምፅ በጨርቅ የሚያልፍባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከላይ የተጠቀሰው በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው። አየሩ ሲመላለስ ከክሮቹ ጋር ስለሚፋተግ ጥቂት ጉልበት በሰበቃ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሁለተኛው፣ ጨርቁ ራሱ እንደ ከበሮ ቆዳ ከአየሩ ጋር ሲንቀሳቀስ ነው። በዚህኛው መንገድ ወሳኙ የጨርቁ መጠነ ቁስ ይሆናል። በኒውተን ሁለተኛ ሕግ መሠረት ከባድ ነገርን በፍጥነት ለማመላለስ ብዙ ኃይል ያስፈልጋል፤ ድግግሞሹ በጨመረ ቁጥር ደግሞ መመላለሱ ይፈጥናል።

ይህን በቁጥር እንየው። በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝን፣ ድርና ማጉ እጅግ ከመጠጋጋቱ የተነሣ አየር የማያሳልፍ ጨርቅ እንውሰድ። ሁለት ፓይን በድግግሞሹና በአንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ መጠነ ቁስ (0.2 ኪሎ ግራም) እናባዛና ለአየሩ ኢምፒዳንስ እጥፍ እናካፍላለን። የአየር ኢምፒዳንስ የእፍጋቱና የድምፅ ፍጥነት ብዜት ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከፍታ 310 ገደማ ነው። በተገኘው ቁጥር ካሬ ላይ 1 ስንደምር የድምፁ ኃይል ስንት ጊዜ እንደ ተከፈለ እናውቃለን። ለ100 ኸርዝ ውጤቱ 1.04 ነው፤ ምንም አልጠፋም ማለት ይቻላል። ለ1,000 ኸርዝ 5 ገደማ ይሆናል፤ ያለፈው አንድ አምስተኛው ብቻ ነው፤ በሌላ አነጋገር 7 ዴሲቤል ጠፍቷል። ለ10,000 ኸርዝ ግን ከ400 ይበልጣል፤ ይህም 26 ዴሲቤል ነው። እንግዲህ ወፍራም ጨርቅ ጎርናናውን ድምፅ አሳልፎ ቀጭኑን ያስቀራል። አምፕሊፋየር ሲጨመር ሁለቱም እኩል ስለሚያድጉ አፈናው እንዳለ ይቆያል።

የጠፋው ቀጭን ድምፅ ጌጥ ብቻ ነው የሚል ካለ «ሰማ» እና «ሸማ» የሚሉትን ቃላት ያወዳድር። ሁለቱን የሚለያቸው የመጀመሪያው ተነባቢ ብቻ ነው። የ«ስ» ፉጨት አብዛኛው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ሲገኝ፣ የ«ሽ» ግን ዝቅ ብሎ ከ2,000 እስከ 3,000 ኸርዝ ባለው ክልል ይጀምራል። ጨርቁ የላይኛውን ክፍል ከወሰደው የኋላ ተቀማጭ ቃሉን የሚለየው በግምት ነው።

በአንጻሩ ሳሳ ብሎ የተሸመነ ጨርቅ የሚወስደው ከግማሽ ዴሲቤል በታች ሊሆን ይችላል፤ ይህንን ጆሮ አይለየውም ለማለት ይቻላል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። የአየር ውስጣዊ ሰበቃ በግፊት መቀነስ አይለወጥም፤ የአየሩ ኢምፒዳንስ ግን በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከ410 ገደማ ወደ 310 ይወርዳል። ስለዚህ ያው ጨርቅ በደጋ ከተሞቻችን ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ትንሽ የበለጠ ያፍናል። ለሳሳ ጨርቅ ልዩነቱ ከቁም ነገር አይገባም፤ ለጥቅጥቁ ግን ይገባል።

አሁን ወደ ጥንካሬው እንመለስ። ጨርቅን ዕድሜ የሚያሳጥሩት ፀሐይ፣ እርጥበት፣ አቧራና ጣት ናቸው። የልዕለ ሐምራዊ ጨረር መጠን ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 ከመቶ ገደማ ያድጋል፤ በመስኮት አጠገብ ወይም በበረንዳ ላይ የሚቆም ሣጥን ይህን ይቀምሳል። ጥጥ በተለመደ የአየር እርጥበት ከክብደቱ 8 ከመቶ ያህል ውኃ ይይዛል፤ ናይለን 4፣ ፖሊስተር ግን ግማሽ ከመቶ እንኳ አይሞላም። ውኃ የሚይዝ ክር በክረምትና በበጋ መጠኑ ስለሚለዋወጥ ተወጥሮ የነበረው ጨርቅ ይረግባል። ናይለን መፈተግን በሚገባ ይችላል፤ ሆኖም ለፀሐይ የፖሊስተርን ያህል አይቆምም። በእኔ ግምት እንግዲህ ክሩ ፖሊስተር፣ ሽመናው ሳሳ ያለ ይሁን። በሹራብ አሠራር ቀለበት በቀለበት የተያያዘ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ በሁሉም አቅጣጫ ይለጠጣል፣ ክሮቹም በቀላሉ አይንሸራተቱም። የስፖርት ማሊያ የሚሰፋበት ባለ ቀዳዳ ጨርቅ የዚህ ዓይነት ነው።

ነጠላስ? ለድምፅ ማለፊያ ነው፤ ለሳሎን ሣጥንም ያምራል። ነገር ግን ጥጥ በመሆኑ ይረግባል፣ ሳሳ ያለው ድርና ማጉም ሲወጠር ይሸሻል። ለትምህርት ቤት አዳራሽ አልመክረውም። የአልጋ አጎበር የሚቆርጡም አጋጥመውኛል። ድምፅን አያግድም፤ ነገር ግን ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ አቧራ አይይዝም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አጎበር የሚያስፈልገው አልጋ ላይ ነው።

ገበያ ላይ «ፖሊስተር ነው» የተባለውን ለማረጋገጥ ከጠርዙ ጥቂት ክር መዝዞ በወረንጦ ይዞ፣ ከሥር ውኃ ያለበት ሳሕን አድርጎ በሻማ መለኮስ ይቻላል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ለስላሳ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር እየቀለጠ ጥቁር ጭስ ይሰጣል፤ ሲበርድም ደረቅ ዶቃ ይሆናል። ናይለንም ይቀልጣል፤ ጭሱ ግን አነስተኛ ነው። የአየር አሳላፊነቱን ለማወቅ ጨርቁን አፍ ላይ አድርጎ መተንፈስ ነው፤ ትንፋሹ ከከበደ ይመለስ። ከዚህ የተሻለው ፈተና በጣቢያዎች መካከል የተተወ የሬዲዮ «ሽሽታ» ነው። አንዱ ጓደኛ ጨርቁን በስፒከሩ ፊት እየከለለ ሲያነሣ፣ ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ያዳምጥ። ጨርቁ መቼ እንደ መጣ ማወቅ ካልቻለ ጨርቁ ይገዛ።

አወጣጠሩም ከምርጫው አያንስም። ጨርቁ ለብቻው በሚወልቅ ቀጭን የእንጨት ክፈፍ ላይ ይወጠር፤ ከአራቱ ጎኖች መካከል ተጀምሮ ወደ ማዕዘኖቹ እየተሄደ ይመታ። ከማዕዘን የጀመረ ሰው መጨማደዱን በኋላ አያቃናውም። የረገበ ጨርቅ በጎርናና ድምፅ ጊዜ ይርገበገባል። በጨርቁና በስፒከሩ ሾጣጣ መካከልም ሾጣጣው እስከ መጨረሻው ሲገፋ የማይነካው ክፍተት ይተው። የፖሊስተር ጠርዝ በጋለ ቢላዋ ከተቆረጠ ቀልጦ ስለሚዘጋ አይተረተርም። ኳስና ጣት የሚያሰጋ ከሆነ ጨርቁን ከማወፈር ይልቅ ከኋላው የመስኮት ወንፊት ሽቦ ማድረግ ይሻላል፤ ሽቦው እንዳይንቀጫቀጭ ዙሪያውን በኮላ ይያዝ። ክፈፉ በየጊዜው ወልቆ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ፤ ከታጠበም ፈጽሞ ሳይደርቅ ወደ ሣጥኑ አይመለስ።